በደን ጥናት ውስጥ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ሥራዋ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ የደንና የአየር ንብረት ለውጥ ጥናት ቡድን ውስጥ በቅርቡ ተቀጥሬያለሁ። ሌሎቹ የደን፣ የአፈርና የሳተላይት ምስል ባለሙያዎች ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ የቡድኑ መሪ ‹አንቺ መጨረሻ ላይ መጠይቁን ትሠሪልናለሽ› አለኝ። በእውነት ሥራዬ ይሄ ብቻ ነው? ለሁለተኛው ስብሰባ ምን ይዤ ልግባ? የካርታ ሶፍትዌርስ መማር አለብኝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ጥሩ ቦታ ነው የገባሽው። በቀጥታ ልመልስልሽ፦ መጠይቅ ከሥራሽ አንዱ ክፍል ነው፣ ያውም ትንሹ። ዋናው ሥራሽ የሚጀምረው ቡድኑ ምን እንደሚያጠና ከመወሰኑ በፊት ነው። ደን የሚጠፋውም የሚያገግመውም በሰው ውሳኔ ነው። ማን ይቆርጣል? ማን ይከለክላል? መሬቱ የማን ነው? የቆረጠውን ማን ይጠይቀዋል? ያልቆረጠውስ በምን ይኖራል? እነዚህን ያልጠየቀ ጥናት የደኑ ሽፋን በስንት ሄክታር እንደቀነሰ ይነግርሻል። ለምን እንደቀነሰ ግን አያውቅም። ለምን እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ለከርሞ ምን ይደረግ ለሚለው መልስ አይኖርም።

የቡድን መሪሽን አልወቅሰውም። ልማዱ በዓለም ዙሪያም ይኸው ነው። ኦቨርላንድና ሶቫኩል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2018 ለምርምር የተሰጠውን ገንዘብ አጥንተው ነበር። አየሩን የሚያሞቁ ጋዞችን ልቀት ለመቀነስ የሰው ኑሮና አሠራር እንዴት ይለወጣል የሚለውን ለሚመረምረው የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የደረሰው ከጠቅላላው የምርምር ገንዘብ 0.12 በመቶ ብቻ ነው። ከሺህ ብር አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም ማለት ነው። አይፒሲሲ የሚባለው የመንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል እንኳ ለፍላጎትና ለማኅበራዊ ጉዳዮች ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠው በ2022ቱ የልቀት ቅነሳ ሪፖርት ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበረም። ስለዚህ ቡድንሽ ውስጥ ብቸኛ ብትሆኚ አይግረምሽ።

አሁን አንድ ምሳሌ ረጋ ብዬ ላሳይሽ። ለስብሰባውም ይጠቅምሻል።

ጅማ ዞን ውስጥ «በለጠ ጌራ» የሚባል ደን አለ። ቡና ከጥላው ሥር በራሱ የሚበቅልበት የተፈጥሮ ደን ነው። እዚያ በጃፓን ድጋፍ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተጀመረ። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፤ የመንደሩ ሰው ማኅበር ያቋቁማል፣ ከመንግሥት ጋር ይፈራረማል፣ ደኑን ይጠብቃል፣ በለውጡ ከደኑ በሕግ ይጠቀማል። ታካሃሺና ቶዶ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል ወስደው ማኅበር ያለበትን ደን ከሌለበት ጋር አነጻጸሩ። ማኅበር በተቋቋመ በሁለት ዓመት ውስጥ የማኅበራቱ ደን 1.5 በመቶ ጨመረ። ማኅበር የሌለበት ደን 3.3 በመቶ ቀነሰ።

እስከዚህ ደስ የሚል ዜና ነው። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ማኅበሩ ሊቋቋም አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እነዚሁ ደኖች ከሌሎቹ የባሰ ተመንጥረዋል። ልብ በይ፤ ደን ለመጠበቅ የታሰበበት ቦታ ነው የተመነጠረው። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። «ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ለቤት የሚሆን እንጨት ያሰበ ሁሉ ዘንድሮ ቆርጦ ያስቀምጣል። ማሳ ማስፋት የፈለገም ድንበር ሳይሰመር ይቸኩላል። የሳተላይት ባለሙያው ይህንን ምስሉ ላይ የሚያየው እንደ አንድ የቀይ ነጥቦች ዓመት ነው። አንቺ ቀድመሽ መንደሩ ገብተሽ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ታተርፊያለሽ። አንደኛ፣ በምክክሩና በፊርማው መካከል ያለው ጊዜ እንዲያጥር ትመክሪያለሽ። ሁለተኛ፣ ያቺ ዓመት ለውጡ የሚለካባት መነሻ ዓመት ሆና እንዳትወሰድ ታስጠነቅቂያለሽ። ብዙ በተቆረጠበት ዓመት የተለካ መነሻ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ውጤት ከእውነተኛው አሳምሮ ያሳያል። ደኑ ከአየር የሚይዘው ካርቦን ተለክቶ በሚሸጥበት ሂሳብ ላይ ደግሞ መነሻ ዓመት ማለት ገንዘብ ነው።

ወደ ታሪክ ልውሰድሽ። ብዙ የደን ጥናት «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የሚሆነው የኢትዮጵያ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» ብሎ ይጀምራል። እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ተመራማሪ የዚህን ቁጥር ምንጭ ሲከታተል ጠንካራ ማስረጃ አላገኘለትም። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የመጣ ቁጥር ነው። በሌላ በኩል እነ ያን ኒሰን እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዘው ሄዱ። በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አነሱ። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ አሁን ያለው ዛፍ ከያኔው ይበልጣል። ይህ ማለት የደን ጭፍጨፋ የለም ማለት አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ የተፈጥሮ ደን እየሳሳ መሆኑን የሚክድ የለም። ግን «ገበሬው በመቶ ዓመት ውስጥ ሁሉንም አወደመው» ከሚል ታሪክ የሚነሳ ጥናት፣ ገበሬውን ከመነሻው ጥፋተኛ አድርጎ ነው መንደር የሚገባው። ጥያቄዎቹም እንደዚያው ይቀረጻሉ።

ስለ 1983 ዓ.ም የሚነግርሽ ሰው አይጠፋም። በደርግ ዘመን ብዙ ተራራ በዘመቻ ችግኝ ተተክሎበት ነበር፤ ለጉልበቱም ስንዴና ዘይት ይሰፈር ነበር። መንግሥት ሲወድቅ በብዙ አካባቢ ሕዝቡ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ የዓመታት ተከላ ተራቆተ። ያው ገበሬ ግን በአብዛኛው የደብሩን ጽድና ወይራ አልነካም። ዛፍ ዛፍ ነው፤ አንዱን «የመንግሥት» ብሎ ቆረጠው፣ ሌላውን «የታቦቱ» ብሎ ተወው። ይህንን ልዩነት የትኛውም የአፈር ናሙና አያሳይሽም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ስለምንተክለው ስናወራ ስንት ችግኝ እንደተተከለ እንሰማለን። የጽድቀት መጠኑንም አንዳንዴ እንሰማለን። እኔ ከሁሉ በላይ መስማት የምፈልገው ያ የወል መሬት ዛፉ ሲደርስ ማን ይቆርጠዋል ለሚለው ገበሬው የሚሰጠውን መልስ ነው። መልሱን የማያውቅ ከሆነ ዛፉ አደጋ ላይ ነው።

የወል መሬት ካልኩ አይቀር፣ ስለ ኤሊኖር ኦስትሮም ማንበብ አለብሽ። የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከእርሷ በፊት ጋሬት ሃርዲን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 «የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ መጥፋቱ አይቀርም፤ ወይ መንግሥት ይውሰደው ወይ የግል ይሁን» የሚል ክርክር አቅርቦ ብዙ ሰው ተቀብሎት ነበር። ኦስትሮም ከብዙ አገር ማስረጃ ሰብስባ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን አሳየች። ሰዎች የራሳቸውን ደንብ ሲያወጡ፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ሲታወቅ፣ አጥፊው ደረጃ በደረጃ ሲቀጣ፣ የጋራ ሀብት ለትውልድ ይቆያል።

ለዚህ ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልግሽም። መንዝ ሂጂ። የጓሳን አምባ ሕዝቡ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር ነው። አምባው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በተመረጡት አለቆች ፈቃድ ይከፈታል፣ ሰው ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የተረፉት በዚህ ደንብ ነው። በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ቆይቶ ሕዝቡ በአዲስ ኮሚቴና በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሺ። አሮጌው ደንብ የሚያገለግለው በዘር ሐረጉ ባለመብት የሆነውን ነበር። ሌላው አይገባም። አዋጁ ለተገለለው ሰው በር ከፈተ፤ በዚያው በር ጥበቃው ወጣ። «የአባቶች ሥርዓት ሁሉ ጥሩ ነበር» የሚል ጥናትም፣ «አዋጁ አጠፋው» ብቻ የሚል ጥናትም ግማሹን ነው የሚያየው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ የአንቺ ሙያ ነው።

አሁን ከመንዝ እንመለስና እዚሁ ሰፈራችን እንይ። ከቢሮሽ ወጥተሽ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ ብትወጪ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ታገኚያለሽ። የዚህ ከተማ ማገዶ ታሪክ የእነሱ ወገብ ታሪክ ነው። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን የመጣው ከተማዋ እንጨት አልቆባት ስለነበር ነው። ስለ እንጦጦ ዛፎች ስንት ጥናት ተጽፏል። ሸክሙን ያነሳው ግን ጥቂት ነው።

ከሰሉስ? በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ኤሌክትሪክ ያለው ቤት ለቡናው ከሰል ያቀጣጥላል። ያንን በማዳበሪያ የታሰረ ከሰል ወደ ኋላ ተከተይው። አንዱ መንገድ ወደ ስምጥ ሸለቆ ግራሮች ይወስድሻል። ሌላው አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ያደርስሻል። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር በገዛ ማሳው ላይ ይተክላል። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህሉ አልሰጥ ስላለው ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል። ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከዚያ እንደገና ይተክላል። በውጤቱ የወረዳው የዛፍ ሽፋን በከሰል ምክንያት ጨመረ። ከሰል ደን ያጠፋል ብለን ነበር ያደግነው። በአንዱ ቦታ ያጠፋል፣ በሌላው ያስተክላል። ልዩነቱ መሬቱ የማን እንደሆነና ዛፉን የመቁረጥ መብት ማን እጅ እንዳለ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ዛፉን እየጎዳው ነው፤ በአንድ ዝርያ ላይ የተንጠለጠለው ገበሬ ምን ይሁን የሚለው ደግሞ ለአንቺና ለበሽታ ባለሙያው የጋራ ጥያቄ ነው።

ወደ መጠይቁ ልመለስ፤ ትንሹ ክፍል ነው ብልም በደንብ ካልተሠራ ጥናቱን ያበላሻል። አብዛኛው መጠይቅ ላይ ይህቺ ጥያቄ አለች፦ «ባለፉት 12 ወራት ከደኑ ዛፍ ቆርጠዋል?» መረጃ ሰብሳቢው ከቀበሌ አመራር ጋር ነው የመጣው። እጁ ላይ ታብሌት አለ። መቁረጥ ደግሞ ያስቀጣል። መልሱ ምን እንደሚሆን አንቺው ታውቂዋለሽ፤ «ኧረ በፍጹም!» ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ 96 ከመቶ አይቆርጥም ቢል ማን ያምናል?

ስለዚህ ስለ ዛፉ መጠየቅ ትተሽ ስለ ዕቃው ጠይቂ። ሞፈሩ ከምን እንጨት ነው? ስንት ክረምት ያገለግላል? ያሁኑን ከየት አመጡት? ቤቱ የተሠራው መቼ ነው? ስንት ቋሚና ስንት ማገር ገባበት? ገበሬ ስለ ሞፈሩ ሲጠየቅ ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። ከአንድ ቤት ቋሚና ማገር ተነስተሽ የመንደሩን የእንጨት ፍላጎት መገመት ትችያለሽ። ለሚያስቀጣው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። መላሾቹን በዕጣ ለሁለት ትከፍያለሽ። ለአንዱ ወገን አራት ተራ ነገሮች ይነበቡለታል፤ ገበያ መሄድ፣ ንብ ማነብ የመሳሰሉት። ለሌላው እነዚሁ አራቱና አምስተኛ ሆኖ ዛፍ መቁረጥ ይነበብለታል። ሁለቱም የሚናገሩት ስንቱን እንዳደረጉ ብቻ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ አይጠየቁም። የሁለቱ ወገን አማካይ ልዩነት ስንቱ እጅ እንደሚቆርጥ ይነግርሻል። ማንም ሰው ራሱን አላጋለጠም።

ሌላው የአባወራ ነገር ነው። መጠይቁ አባወራውን ያናግራል፤ ማገዶውን የምትለቅመው ግን ሚስቱ ናት። ደኑ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተብሎ ሲከለል የማን መንገድ እንደረዘመ እሱ ላያውቀው ይችላል። ሴት መረጃ ሰብሳቢ ይኑርሽ። ውኃ ቀድታ፣ ጋግራ ትንሽ በምታርፍበት ሰዓት ሂዱ። በክረምት እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ኩበት ስንት እንደምታነድ ጠይቁ። ያ ኩበት ማሳ ላይ መዋል የነበረበት ማዳበሪያ ነው፤ የአፈር ባለሙያሽ ይህንን ሲሰማ ወንበሩን ያቀርባል። ሴቶችን ማሳተፍ ለሪፖርት ማሳመሪያ የሚባል ነገርም አይደለም። ቢና አጋርዋል የተባለች ኢኮኖሚስት በህንድና በኔፓል የደን ኮሚቴዎችን አጥንታ፣ ሴቶች በብዛት በገቡበት ኮሚቴ የደኑ ሁኔታ የተሻለ ሆኖ አግኝታዋለች። አንድ ሁለት ሴት ማስገባት ግን በቂ አይደለም። ድምፃቸው መሰማት የሚጀምረው ከሩብ እስከ ሲሶ ሲሆኑ ነው።

ስለ ካርቦን ገንዘብ አጠር አድርጌ ልለፍ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከጉቶው እንዲያንሰራራ ተደርጓል፤ ካርቦኑም በዓለም ባንክ በኩል ተሽጧል። ያ ሊሆን የቻለው የአካባቢው ሰዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የተጠቃሚነት መብታቸው በሰነድ ስለተረጋገጠ ጭምር ነው። ዛሬ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ደን ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን ለጎን ያውቃል። በወረቀት ያለው መብት መሬት ላይ አለ ወይ? ገንዘቡ ሲመጣ የማኅበሩ አባል ያልሆነው ድሃ፣ ከብት የሚያግደው፣ በቅርብ የመጣው ሰፋሪ ምን ይደርሰዋል? ይህን ሳታጣሩ ስለ ክፍፍል ምክር አትስጡ። ያኮረፈ ጎረቤት የማኅበሩን ደን በአንድ የበጋ ሌሊት በእሳት ሊያጠፋው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ስብሰባሽ። ምን ይዤ ልግባ ላልሽው፣ ናሙና ከመመረጡ በፊት ከሚደረገው የመጀመሪያ ጉዞ ላይ መቀመጫ ጠይቂ። ብዙ ቡድን ለእንጨት መለኪያ የናሙና ቦታ ካርታ ላይ በእኩል ርቀት ይተክላል። አንቺ የቀበሌውን፣ የማኅበሩንና የወሉን መሬት ድንበር የሚያሳይ፣ በካርታው ላይ የሚደረብ ሌላ ንጣፍ አምጪላቸው። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠሽ፣ መሬት ላይ በእንጨት እያሳሉሽ፣ በኋላ በጂፒኤስ እየዞርሽ ልትሠሪው ትችያለሽ። ያኔ «ደኑ በስንት ቀነሰ?» የሚለው ጥያቄ «በየትኛው ደንብ ሥር ያለው ደን በስንት ቀነሰ?» ይሆናል። የሳተላይት ባለሙያው ይህንን አይጠላም፤ እንዲያውም ምስሉ ላይ ግራ ለገቡት ነገሮች መልስ ያገኝበታል። በነገራችን ላይ፣ እሱን ጓደኛ አድርጊው። ከቡድኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትፈላለጉት እናንተ ናችሁ።

የካርታ ሶፍትዌር? አዎ፣ ተማሪ። ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ በራስሽ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል። ባለሙያ መሆን አያስፈልግሽም። አንዱን ንጣፍ በሌላው ላይ ማንጠፍ፣ ድንበር ማስገባት፣ በድንበሩ ውስጥ ያለውን ስፋት ማስላት ከቻልሽ ይበቃል። ምስሉን መተርጎሙን ለእሱ ተይለት።

በመጨረሻ አንድ የበጀት ነገር አለ፤ አሁኑኑ ካልገባ በኋላ አይገባም። ውጤቱን ወደ መንደሩ ይዞ ለመመለስ የሚሆን ገንዘብ እንዲያዝ ጠይቂ። የትራንስፖርት፣ የአስተርጓሚ፣ የአንድ ቀን ስብሰባ ቡናና ዳቦ። ሰዎቹ የነገሩሽን በቁጥር አድርገሽ ስታሳያቸው «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ግን ተሳስታችኋል» ይሉሻል። ያንን እርማት ሪፖርቱ ከመታተሙ በፊት እንድታስገቢው፣ ጉዞው የመጨረሻው ረቂቅ ከሚቀርብበት ቀን ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይመደብ።